በወፎቹ ሆድ የተገኘው ቀይ ስንዴ

ደብረ ማርቆስ የሄድኩት ወፍ ልገድል ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ «ለጥናት ነው» እል ነበር፤ ይህ መልስ ግን ከፖስታ ቤቱ ጸሐፊ በቀር ማንንም አላጠገበም። ሰው የሚያየው ሌላ ነው፦ ማለዳ ጠመንጃ ይዞ ወደ ረግረጉ የሚወርድ ቀጫጫ እንግዳ፣ ረፋድ ላይ እግራቸው የተንዘላዘለ ወፎች አንጠልጥሎ ሲመለስ። ወፎቹ ደግሞ የሚበሉ አይደሉም። የሚበሉ ቢሆኑ እንኳን ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። ስለዚህ «ታዲያ ምን ሊያደርጋቸው ነው?» የሚለው ጥያቄ እኔ ከመድረሴ በፊት በየደጁ ደርሶ ይጠብቀኝ ነበር።

ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ የነበሩባቸው የመጨረሻ ዓመታት ናቸው። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የተወለድኩት ምጽዋ ነው፤ አባቴ ወደቡ ላይ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። የባሕር ዳርቻ ወፎችን የሚያጠና አንድ ፈረንጅ ምሁር ጀልባ የሚቀዝፍለትና ወፍ የሚይዝለት ሰው ሲያፈላልግ እኔን አገኘ፤ እጄ እንደማይንቀጠቀጥ ሲያይ ደግሞ ምላጭ ሰጥቶ ሆድ መክፈት አስተማረኝ።

ጥናቱ ለማስረዳት ከባድ አይደለም። ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ሲገለጥ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ይወርዱበታል። አንዷ ምንቃሯን እስከ ዓይኗ ነክራ ትል ትጎለጉላለች፤ አጠገቧ ያለችው ቀንድ አውጣ ትሰብራለች፤ ሌላዋ ከላይ ከላይ ዝንብ ትለቅማለች። ከመርከቡና ከወደቡ የሚወርደው እርሳስ፣ እንዲሁም ያ እንደ ውሃ የሚፈሰው ብረት፣ ባዜቃ፣ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ፈረንጁ ማወቅ የፈለገው አንድ ጭቃ ላይ የቆሙ ወፎች ጉበታቸው ውስጥ የሚገኘው ብረት ለምን እኩል እንደማይሆን ነበር። የሚለያያቸው የሚበሉት ነው ብሎ ያምናል፤ ለማረጋገጥ ሆዳቸውንም ጉበታቸውንም ማየት ነበረበት።

ከወፎቹ መካከል አንዲት ግራጫ ዓይነት ነበረች። የአውሮፓን ብርድ ሸሽታ ስትመጣ ግማሹ መንጋ ባሕር ዳር ይቀራል፤ ግማሹ ደጋ ወጥቶ ረግረግና ማሳ ላይ ይከርማል። ደጋ ላይ መርከብ የለ፣ ወደብ የለ፣ ፋብሪካ የለ። «የደጋዋ ወፍ ንጹሕ መሆን አለባት፤ ከባሕር ዳሯ ጋር አነጻጽራታለሁ» አለኝ ፈረንጁ። እሱ ሙቀቱን ታቅፎ ምጽዋ ቀረ፤ እኔን ብርድ ልብስ አስይዞ ጎጃም ላከኝ።

የተከራየሁት ክፍል ከከተማው ጥግ፣ ወደ ረግረጉ በሚያወርደው መንገድ ላይ፣ ባላቸው በሞቱባቸው ሴት ግቢ ውስጥ ነበር። እትዬ ነበር የምላቸው። አርባውን አልፈዋል፤ ትንሽ የሚናገሩ፣ ሲናገሩ ግን የሚዋጋ ነገር የማያጡ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ተማሪ መስያቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ከጓሮ ጠረጴዛ አውጥቼ ወፍ ስከፍት አይተው ቆሙና፣ «አንተ ልጅ፣ እናትህ ይህን ታውቃለች?» አሉኝ።

«ታውቃለች፣ እትዬ።»

«ምን አለች?»

«እጅህን ታጠብ አለች።»

አልሳቁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የውሃ መጠጫዬ ጣሳ ለብቻው ሆነ፤ እጀታው ላይ ጥቁር ክር አስረውበት ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ጎረቤትም እንደዚያው። ለቅሶ ቤት ብሄድ ቦታ ይሰጡኛል፤ አጠገቤ ያለው ሰው ግን ቀስ እያለ ሸሸት ይላል። የከፋኝ ስድብ ቢሆን እመልስ ነበር። ማንም አልሰደበኝም። ከጧት እስከ ማታ የተናገርኩት ቃል መንገድ ለዘጋችብኝ አህያ «ዞር በይ» ያልኩት ብቻ የሆነበት ቀን ብዙ ነው። ብቸኝነት ምን እንደሆነ ከዚያ በፊት የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ የማወራው ከደብተሬ ጋር ሆነ። ወፏን እመዝናለሁ፣ እለካለሁ፣ ጨጓራዋን ከፍቼ የበላችውን ነጭ ሳህን ላይ እዘረጋለሁ። «ትል፣ ሦስት። የጥንዚዛ እግር። የሣር ፍሬ። አሸዋ።» ጉበቷን በትንሽ ጠርሙስ፣ ላባዋን በፖስታ አድርጌ፣ ካርቶን ሲሞላ በሉማሜ በኩል ወደ አዲስ አበባ ለሚሄደው አውቶቡስ እሰጣለሁ። ረዳቱ ካርቶኑን እያሸተተ «ጋሼ፣ ይኼ ነገር በሕይወት አለ?» ይለኝ ነበር። እውነት ለመናገር ያ ረዳት በሳምንት አንዴ ስለሚያሾፍብኝ እወደው ነበር።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ከአንዷ ወፍ ጨጓራ ቀይ ስንዴ ወጣ። ከውስጥ ነጭ ነው፤ ቅርፊቱ ግን እንደ ተቀባ ጥፍር ቀልቷል። በነጋታው ሁለት ወፎች እንዲሁ። በሳምንቱ አንዲት ወፍ ሳልተኩስባት ረግረጉ ዳር ክንፏን ዘርግታ ስትንቀጠቀጥ አገኘሁ፤ ሆዷ ሞልቶ ነበር፣ በቀይ ስንዴ።

ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሩቅ አልሄድኩም። ከአዲስ አበባ የመጡ የእርሻ ሠራተኞች ከረግረጉ በላይ በመስኖ የሚጠጣ ሠርቶ ማሳያ ማሳ ዘርተው ነበር። ለክረምቱ እንዲዘሩት ደግሞ ለተመረጡ ገበሬዎች ከዚያው ዘር በከረጢት አድለው፣ «ይህ ለዘር ብቻ ነው» ብለው ተመልሰዋል። ከተመረጡት አንዱ የእትዬ ወንድም ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያርስ፣ በሥራው የሚኮራ፣ ለኔ ግን ሰላምታ የሚቆጥብ ሰው። እንዲህ ያለው ዘር እንዳይሻግት በባዜቃ መድኃኒት እንደሚታሽና ቀለሙም ለማስጠንቀቂያ እንደሚደረግ ፈረንጁ አንድ ቀን ጀልባ ላይ አጫውቶኛል።

ያን ጊዜ ምን ተሰማኝ? ደስታ። ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ ብሎኛል። ንጹሕ ትሆናለች የተባለችው የደጋ ወፍ ብረት እየበላች ነው፤ የመጣባትም ከመርከብ ሳይሆን ከምትለቅመው እህል ነው። ትል የበላችውንና ስንዴ የበላችውን ለየብቻ አድርጌ ጉበታቸውን ላክሁ። ለፈረንጁ አራት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ደብተሬ ላይ «ቀይ ስንዴ» የሚለውን ሃያ ጊዜ ሳልጽፈው አልቀረሁም። ግድግዳ ብቻ ለሚለየኝ ሰው ግን አንድ ጊዜ እንኳን አልነገርኩም። ማን ያናግረኛል ብዬ ነው፤ ደግሞም እልህ ነበረብኝ። በእጃቸው የሰጡኝን ዝምታ በእጃቸው ልመልስ ብዬ ነው መሰለኝ።

ሕማማት ገባ። በሕማማት ሰው አይሳሳምም፣ አይጨባበጥም፣ እንደምን አደርክ አይባባልም። አንገቱን አቀርቅሮ ይተላለፋል። ከተማው ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደ እኔ ሆነ። መንገድ ስወጣ ያ የለመድኩት ዝምታ ለእኔ ብቻ የተመደበ ስላልሆነ ቀለል አለኝ። ቤተ ክርስቲያንም እየሄድኩ ከሰው መሐል እሰግድ ጀመር። ማንም አልሸሸኝም፤ ስግደት ላይ ቦታ መምረጥ አይቻልም።

እትዬ አይተውኝ ኖሯል። ረቡዕ ዕለት ጓሮ ሙቀጫ አስቀምጠው ስንዴ ሲፈትጉ ቀና አሉና፣ «ነገ ከቅዳሴ መልስ ጉልባን ከእኛ ጋር ትቀምሳለህ» አሉኝ። ጉልባን ማለት የተፈተገ ስንዴና የባቄላ ክክ አብሮ ተቀቅሎ በጸሎተ ሐሙስ የሚበላ ንፍሮ ነው። ያን ዓመት ቀኑ የባላቸው መታሰቢያም ስለሆነ ጎረቤቱን በሙሉ ጠርተዋል።

«እኔንም፣ እትዬ?»

«ጌታ የይሁዳንስ እግር አጥቦ የለ።»

ይህ ከእርሳቸው አፍ ግብዣ ነው። ክፍሌ ገብቼ ሸሚዜን አጠብኩ። ጠመንጃውን ከአልጋ ሥር ከተትኩ። ምላጩን፣ ጠርሙሱን፣ ሳህኑን ሁሉ በካርቶን ዘጋሁ። እጄን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። እንደ ሙሽራ ነበር የሆንኩት፤ ለአንድ እፍኝ ንፍሮ።

ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ተመለስን። ቤቱ ሞላ። ከጧት ጀምሮ ውሃ እንኳን በአፉ ያልዞረ ሰው ነው። ወንድማቸው ከምሰሶው ሥር ተቀምጧል፤ አጠገቡ ቦታ ነበርና ተቀመጥኩ፤ አልሸሸም። ጉልባኑ በትልቅ ገበታ መጥቶ መሐል ላይ ተቀመጠ። ለእኔ ግን እትዬ ራሳቸው፣ በቤታቸው ሳህን፣ ሞልተው ሰጡኝ። ክር ያላሰሩበት ሳህን ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ሰው እንዳያይብኝ ወደ ሳህኑ አቀረቀርኩ።

ባላቀረቅር ኖሮ አላይም ነበር። ስንዴው ነጭ፣ ወፍራም፣ የሚያምር ነው። አንዷ ፍሬ ግን ከመሐሏ ስንጥቅ ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ መስመር ቀርቶባታል። ሌላዋን አገላበጥኩ። ሌላዋንም። ያን ስንጥቅ ያን ያህል ቀን በወፍ ሆድ ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ልሳሳት አልችልም።

«እትዬ፣ ይህ ስንዴ ከየት ነው?»

«ወንድሜ ያመጣልኝ ነው። ከዚያ መንግሥት ካደለው ዘር።»

«ቀይ አልነበረም?»

«ነበር። ሰባት ውሃ አጥቤ፣ ፈትጌ ነጭ አደረግሁት። ምነው? የአዳም ራስ ቅል ያለበት ከረጢት እኮ ነው። ለጸሎተ ሐሙስ ከዚህ የተሻለ ስንዴ ከየት ይመጣል?»

መጀመሪያ ምን እንደሚሉ አልገባኝም። ከረጢቱ ከጥግ ታጥፎ ተቀምጦ ነበርና አየሁት። ላዩ ላይ የራስ ቅልና የተጣመሩ ሁለት አጥንቶች ታትመውበታል። ከሥሩ የፈረንጅ ጽሑፍ አለ። ለእኔ ሥዕሉ ሞት ማለት ነው። ለእርሳቸው ግን ይህ ሥዕል ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ፣ ከስቅለቱ ሥር ያለው ነው፤ የጌታ ደም የፈሰሰበት የአዳም ራስ። ሥዕሉን ያተመው ሰው ይህን ከየት ያውቀዋል? እርሳቸውስ ያኛውን ከየት ያውቁታል? ሁለቱንም የማውቅ እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ለደብተር ስነግር ከርሜያለሁ።

«አትብሉ» አልኩ። «መርዝ አለው። ባዜቃ አለበት። ወፎቹ ይህን በልተው ነው የሚሞቱት።»

ወፍ የሚለውን ቃል ባልጠራሁ ይሻል ነበር። ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ። በዚያ ቀን፣ በዚያ ማዕድ ፊት፣ የወፍ ሆድ ተጠራ። ወንድማቸው ረጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ታጥቧል፤ ቀቅለነዋል። ለመሬት ያልከፋ ለሰው ይከፋል? ሰዎቹ መርዝ ሊሰጡን ከአዲስ አበባ ድረስ መጡ?» አለኝ። እያለኝ እፍኙን ዘገነ። አንድ ሽማግሌ ባርከው ጨርሰዋል። ሰው ሁሉ እጁን ሰደደ።

ተነሥቼ ገበታውን በእግሬ ገለበጥኩት።

ጉልባኑ መሬት ላይ ፈሰሰ። እትዬ ተንበርክከው በቀሚሳቸው ጫፍ ይሰበስቡት ጀመር፤ እየሰበሰቡ አቧራውን እፍ ይሉበታል። እጥበዋለሁ ብለው እንደሆነ ገባኝ። ያኔ ከሁሉ የከፋውን አደረግሁ፤ በጫማዬ ረገጥኩት። ከፊታቸው፣ ከእጃቸው ሥር፣ ጭቃ እስኪሆን ረገጥኩት። የወንድማቸውን እጅ ጨምድጄ የያዘውን አስጣልኩት። ሊመታኝ ተነሣ፤ ሽማግሌው በሕማማት እጅ አይነሣም ብለው ያዙት።

እትዬ ከተንበረከኩበት ሳይነሡ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ውጣ» አሉ። ከዚያ በፊት ልጄ ብለውኝ አያውቁም።

ጾመኛ ስለነበሩ ጨውን እንኳን ሳይቀምሱ ነው የቀቀሉት። አንድ ፍሬ የዋጠ ሰው አልነበረም። ይህን ደጋግሜ አስቤ አረጋግጫለሁ። ዓርብ ዕለት ክፍሌን ዘግቼ ዋልኩ፤ ቅዳሜ ማለዳ የቻልኩትን ያህል ይዤ በአውቶቡስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ እንደ ልማዱ ሊያሾፍብኝ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወኝ።

አዲስ አበባ ክረምቱን ቆየሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ የጉበቶቹ ውጤት መጣ። ትል የበሉት የደጋ ወፎች ፈረንጁ እንዳለው ንጹሕ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ቀይ ስንዴ የበሉት ግን ከባሕር ዳሮቹ ሁሉ የባሰ ባዜቃ ተገኝቶባቸዋል። ወረቀቱን ሳየው ልቤ የሄደው ወደ ሳይንሱ አይደለም። ይህን ይዤ እትዬ ደጅ ልቆም ፈለግሁ። እውነተኛ ነበርኩ ልላቸው።

ታኅሣሥ ላይ ሄድኩ። እትዬ በሩን ከፍተው አዩኝና፣ ሳይቆጡ፣ «ግባ» አሉ። ወንድማቸውም ነበር፤ ሁለት ሦስት ጎረቤቶችም። ወረቀቱን አውጥቼ ዘረጋሁላቸው፤ በፈረንጅ ቋንቋ ነው፤ ላዩ ላይ ቁጥር ብቻ። ማኅተም እንኳን የለውም። እያነበብኩ አስረዳሁ።

«ታዲያ ማን ታመመ?» አሉ እትዬ።

«ማንም አልታመመም። ስላልበላችሁት ነው።»

«እሺ።»

ይህን «እሺ» ያሉት ለሕፃን እንደሚባለው ነው። ያን ጊዜ፣ ምነው አንድ ሰው ትንሽ እንኳን ታሞ በነበር፣ የሚል ሐሳብ በልቤ አለፈ። የማንም አይደለም፤ የእኔው ሐሳብ ነው። አልደብቀውም።

ወንድማቸው ተነሥቶ ከጓዳ ድፎ ዳቦ አመጣ። ከዚያ ከረጢት የቀረውን ዘር በሰኔ ዘርቶት ኖሯል። ከሠፈሩ ሁሉ የበለጠ ስንዴ ሰጥቶታል። «መርዝህ ይኸውልህ» አለኝ፤ ፊቱ ላይ ቂም አልነበረም፣ እንዲያውም ይስቃል። ቆርሶ አቀረበልኝ። ሁሉም ያዩኛል።

ዳቦው ምንም የለበትም። መድኃኒቱ ያለው በዘሩ ቅርፊት ላይ ነው፤ ከእሱ የበቀለው አይጎዳም፤ ፈረንጁን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። እምቢ ብል ዳግመኛ ማዕዳቸውን መርገጤ ነው። ብበላ ደግሞ በእነሱ ዓይን ሐሙስ ዕለት ዋሽቻለሁ ማለት ነው። ልዩነቱን ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። «ዘሩ ሌላ ነው፣ ፍሬው ሌላ…» ብዬ ጀመርኩ፤ ጎረቤቶቹ ከወዲሁ ፈገግ ብለዋል። በክፋት አይደለም፤ ደስ ብሏቸው ነው። አንዲቷ «ብላ፣ ደክሞሃል» አለችኝ። በዚያች ከተማ ሰው እንዲያ አይቶኝ አያውቅም። ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ቆረስኩና በላሁ።

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግዜር ይፍታህ» አሉ፤ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ጠላ ቀዱልኝ። ስለ አባቴ ጠየቁኝ፣ ስለ ባሕሩ ጠየቁኝ፣ ወፎቹ በእውነት ከአውሮፓ ድረስ ይመጡ እንደሆነ ጠየቁኝ። ያልሠራሁትን ጥፋት ይቅር ብለውኝ፣ እኔም ይቅርታውን ተቀብዬ፣ እየሳቅሁ አመሸሁ። እንዲያ ደስ ብሎኝ የዋልኩበት ቀን ጎጃም ውስጥ አልነበረኝም።

የሠራሁት ሲገባኝ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። ያ ቀይ ዘር በየዓመቱ ይመጣል። ከረጢቱም ያው ነው፤ ሥዕሉም ያው። አሁን ደግሞ መርዝ ነው ያለው ሰውዬ ራሱ መጥቶ፣ ፊታቸው ቁጭ ብሎ፣ በልቶ አሳይቷቸዋል። አዲስ አበባ እንደደረስኩ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ ማን እንደሚያነብላቸው እንኳን ሳላውቅ። መልስ አልመጣም።

በሚቀጥለው ዓመት ሕማማት ሲገባ አላስቻለኝም። ማክሰኞ ዕለት ተሳፈርኩ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር፤ ዳቦውን የበላሁት ፍቅራችሁን ፈልጌ ነው፣ ስለ ስንዴው ግን አልዋሸሁም፣ እባካችሁን እላለሁ። ያን ስል ፊታቸው እንዴት እንደሚሆን፣ ያ አጠገባቸው ያለው ቦታ እንዴት እንደሚዘጋ ታየኝ። አውቶቡሱ ሉማሜ ላይ ሻይ ለሚጠጣ ሰው ቆመ። ወረድኩ። ሹፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ አልተነሣሁም።

ሐሙስ ዕለት ምን እንደቀቀሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሻዬን ጨርሼ ወደ አዲስ አበባ በሚመለሰው መኪና ተሳፈርኩ።